መጋረጃውን የዘጋ እጅ

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል በንቲ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ፣ አባ ወጋየሁ ከወደቀ መሰላል አጠገብ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ከጭንቅላታቸው የፈሰሰው ደም የድንጋይ ወለሉ ላይ ደርቋል። ከበላያቸው ያለችውን ጥንታዊ የማርያም ሥዕል ቀይ የከፋይ መጋረጃ ጋርዷታል። ሟቹ ከጎፋ በታች ያለችው የዚህች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ጠባቂ ነበሩ። ዓይናቸውን እንኳ የከደነላቸው ሰው የለም፤ በንቲን ይኼ ገና ከበሩ አናደደው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ከበበው ነገሩን ለራሱ ጨርሶታል። ጫማውን እንዳደረገ ገብቶ፣ አናጺውን ሙሴን የፊጥኝ አስሮ ግድግዳ ሥር አቁሞታል።

«ጴንጤ ነው፤ ሥዕል አይወድም። መሰላሉም የሱ ነው። ዛሬውኑ ወደ በላይ እልከዋለሁ።»

ወደ በላይ የተላከ ሰው ሲመለስ በንቲ አይቶ አያውቅም።

«እዚህ ምን ትሠራ ነበር?» አለው ሙሴን።

«ለሥዕሏ የመስታወት ሳጥን ነው የምሠራው ጌታዬ። ጣሪያው ያፈሳል፤ እርጥቡ መጋረጃ ቀለሟን አሻገተው ብለው አባ ወጋየሁ ናቸው ያዘዙኝ። መስታወት ውስጥ ሆና ሰው ሁሉ ይያት አሉ። ትናንት ልኬን ወስጄ ስወጣ፣ መሰላሉን ተውልኝ፣ መጋረጃውን እኔው አወርደዋለሁ አሉኝ።»

የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ እንግዳ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ጠዋት ስገባ ወድቀው አገኘኋቸው። ምንም አልነካሁም።»

«የመስታወቱን ነገር እንዴት አዩት፣ አለቃ?»

«የእመቤቴ ሥዕል የሱቅ ዕቃ ናት እንዴ? በጸሎት ሰዓት ትገለጣለች፤ ከዚያ ትጋረዳለች። ሥርዓቱ ይኼ ነው!»

በንቲ ተንበርክኮ የሟቹን የተጨበጠ እጅ ፈልቅቆ ከፈተ። ሁለት የነሐስ ቀለበቶች ወደቁ። ቀና ሲል የመጋረጃው አንድ ጫፍ ቀለበት አጥቶ ተንጠልጥሏል። ገለጥ አድርጎ አየ፤ ሥዕሏ ላይ አንድም ጭረት የለም። ሦስቱንም ሰዎች ወደ ሬሳው አስጠጋቸው።

«ቀለበቱ የሚወጣው በዘንጉ ጫፍ ስለሆነ፣ አባ ወጋየሁ መጋረጃውን ወደ ዳር ሰብስበው እየፈቱ ነበር። ሲወድቁ ሥዕሏ ተገልጣለች ማለት ነው። አሁን ግን ተጋርዳለች። የሞተ ሰው መጋረጃ አይዘጋም።»

«ጨርቅ ነው፤ ማንም ይዘጋዋል» አለ ከበበው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎ ጫማዎን እንኳ አላወለቁም፤ መጋረጃ ትዝ ይልዎታል? ሙሴም ሥዕል ጠልቶ መጥቶ ቢሆን በመዶሻ ይላት ነበር እንጂ አይጋርዳትም። የዘጋው እጅ ሳያስብ የዘጋ፣ የለመደ እጅ ነው። አለቃ፣ እውነት ምንም አልነኩም?»

አለቃ እንግዳ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

«ትናንት ማታ ይውረዱ አልኳቸው፤ እምቢ አሉኝ። መሰላሉን ነቀነቅኩት… መግደል አላሰብኩም።»

«መጋረጃውን ሲዘጉ ሞተው ነበር?»

አለቃ ፊታቸውን ወደ ሥዕሏ አዞሩ።

«አለቃ!»

«ያቃስቱ ነበር።»

በንቲ ወደ ከበበው ዞረ።

«ሙሴን ፍቱት» አለ በመጨረሻ።

ከበበው ገመዱን እያላላ ፈገግ አለ። «ከግድያው ነጻ ነው። ጴንጤነቱ ግን የኛ ጉዳይ ነው፤ አብሮኝ ይሄዳል።»

የበንቲ ሥልጣን እዚያ ላይ ያበቃል። አፈረ፤ ሙሴን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ሙሴ እጁ ሲፈታለት ኮቱን አውልቆ የአባ ወጋየሁን ፊት ሸፈነ። ከዚያ ዞሮ እጆቹን መልሶ ለገመዱ ሰጠ።