ባዶው አንሶላ

«ወላሂ፣ አንሶላው ላይ ነው ያገኘኋት» አለ ወንድዬ። «እናንተ ስታንኮራፉ፣ ሊነጋጋ ሲል።»

የተፈጥሮ ክበቡ አባላት ከበቡት። በያዘው ጠርሙስ ውስጥ መዳፍ የምታህል ቡናማ የእሳት እራት ተቀምጣለች። ክንፎቿ ላይ ዓይን የሚመስሉ ክቦች አሉ፤ የግራ ክንፏ ጫፍ ተቀዷል።

አሚራ ቅዳጁን ስታይ ፊቷ ጋለ። ትናንት ወደ ጫካው ከመነሳታቸው በፊት፣ መካነ ሰላም መናኸሪያ ግድግዳ ላይ፣ ከአምፖሉ ሥር ለወንድዬ ያሳየችው ይህችኑ የእሳት እራት ነበር።

ውሸቱ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተናደደች። ወንድዬ የክበቡ ሊቀ መንበር ነው። ለጉዞው የማርያምን ዕለት የመረጠው፣ ገበሬዎቹ ስለማያርሱ መንገድ ያሳዩናል ብሎ ነው። አሚራ ግን፣ «በእኛ በሂጅራ አቆጣጠር ወሩ አሥራ አራት ይሆናል፤ ጨረቃዋ ሙሉ ናት። ጨረቃ ስትደምቅ የእሳት እራት ወደ መብራት አይመጣም» ብላው ነበር።

«አሚርዬ፣ ጨረቃ ለረመዳን እንጂ ለእሳት እራት ምን ትሠራለች?» ብሎ አሳቀባት።

የእሳት እራት እንዲያርፍበት ከመብራቱ ፊት የወጠሩት ነጭ አንሶላ፣ አንዲትም ሳታርፍበት እንደ ነጣ አደረ።

የክበቡ ኃላፊ መምህር ስማቸው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሱት። «ጎበዝ። ደሴ ላሉት ባለሙያ እንልካታለን፤ ስሟን ይነግሩናል። ከዚህ ጫካ መገኘቷም ይመዘገባል። አሚራ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ የት እንደተገኘች፣ ማን እንዳገኛት ጽፈሽ ለጥፊበት።»

እሳቸው ዞር ሲሉ ወንድዬ ተጠጋት።

«አቦ፣ ባዶ እጃችንን ከምንመለስ ብዬ ነው። ምን ችግር አለው?»

«ባዶ እንደሚሆን ነግሬህ ነበር። ትክክል መሆኔን እንኳ ቀማኸኝ። ደግሞ በወላሂ።»

«ወሎ ውስጥ ወላሂ የማይል ማን አለ?»

«እኔ ለውሸት አልልም።»

ብትጮህ ሁሉም ይሰማታል። ትናንት በእሷ እንደሳቁት ዛሬ በእሱ ይስቁበታል። እሷ ግን ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ብዕሩ እስኪበሳው ተጭና ጻፈች፦ «መካነ ሰላም፣ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ።»

ከሥሩ የስም ቦታ ትታ ብዕሩን ዘረጋችለት።

«ስምህን አንተው ጻፍና ለመምህር ስጣቸው።»

ወንድዬ ጽሑፉን አንብቦ ቀና አለ። አሚራ መልሱን አልጠበቀችም። ልጆቹ አንሶላውን ከገመዱ ሊያወርዱት ሲሉ፣ «ቆይ፣ እንዳትነኩት» አለች። ሞባይሏን አወጣችና ባዶውን ፎቶ አነሳችው።