ያልተቀደደው ላስቲክ

ሙባሪክ የተገኘው ጠዋት፣ ከራሱ ጌም ቤት ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱን በፌሮ ተመቷል። ፌሮው የበሩ መቀርቀሪያ ነው፤ ከእግሩ ሥር ወድቋል። ከቴሌቪዥኖቹ አንዱ አልተዘጋም። የኳስ ጨዋታ መሐል ላይ ቆሞ፣ ተጫዋቾቹ ቀጥሉ የሚላቸውን ሰው ይጠብቃሉ።

ኢንስፔክተር ፋንቱ ወደ ቡታጅራ የተዛወረችው በሚሌኒየሙ ማግስት ነው። ችኮላ አትወድም። ቴሌቪዥኑን አየች። ከዚያ ጎንበስ አለች። ከሬሳው ራስ አጠገብ የሻማ ጠብታ ደርቆ ነበር።

መደርደሪያው ላይ፣ ከታጠፈ ጃኬት ሥር፣ በጠራ ላስቲክ የታሸገች ትንሽ የጌም ሣጥን አገኘች። ሽፋኗ ላይ ሰይፍ የያዙ ወታደሮች ከዘንዶ ጋር ተፋጠዋል።

«ከተማውን ሁሉ ያስወራችው ይህቺ ናት?»

«እሷው ናት፤ አልተነካችም» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም ጀማሉ። «ሌባ ቢሆን ይዟት ይሄድ ነበር። ሸረፋ ነው። ደንበኞቼን ወሰደብኝ እያለ ሲዝትበት ከርሟል።»

ፋንቱ የሣጥኗን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ሦስቱ ጎኖች ልስልስ ናቸው፤ አራተኛው ሻከራት።

ሙባሪክ በዚያው ቀን ተቀበረ። ፖሊስ ሁለት ሰው ያዘ፤ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጌም ቤት ያለውን ሸረፋን፣ የሱቁን ቁልፍ የያዘውን ጀማሉንም። የወንድማማቾቹ እናት ሳሌሃ ከቀብር መልስ ጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አንዱን አፈር አለበስኩት» አለቻት ፋንቱን። «ይሄኛውን ሳትመልሺልኝ ከዚህ አልነሳም።»

«እጥራለሁ፣ እማማ ሳሌሃ» አለች ፋንቱ።

መጀመሪያ ሸረፋን አስጠራችው።

«ዝተህበታል?»

«ዝቼበታለሁ። ቴሌቪዥንህን እሰብራለሁ ነው ያልኩት። እሱንማ በኳስ በየቀኑ እሰብረው ነበር፤ ሰፈሩን ጠይቂ።»

«ስለ ሣጥኗስ?»

«አክስቱ ሃሊማ ከጅዳ የላከችለት ናት። የአሠሪዋ ልጅ ሊጥላት ሲል ለምና ወሰደቻት። እንደ ዳማ ቁጭ ብለሽ እያሰብሽ ወታደርና ጠንቋይ የምታንቀሳቅሺበት ጌም ነው። እዚህ ማን ይጫወተዋል? ጎል ካልገባ ደንበኛ አይቆምልሽም። ሙባሪክ ግን ሊያብድላት ነበር። አንድ ቀን ቀድጄ እጫወታታለሁ ይለኝ ነበር።»

«ለምን አልቀደዳትም?»

«ወንድሙን ፈርቶ ነዋ። ጀማሉ እሷን ሸጦ ጅዳ ሊሄድ ያስብ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ የወልቂጤው የኮምፒውተር አስተማሪ ዳዊት ደረሰ። ለሣጥኗ ብዙ ብር የሚከፍል ገዢ በኢንተርኔት ያገኘው እሱ ነው።

«ማን ጠራህ፣ መምህር?»

«ጀማሉ። ዛሬ ጠዋት ደወለ። ወንድሜ ሞቷል፤ እቃው ግን ደህና ነው፣ ና አለኝ።» አንገቱን ደፋ። «ደነገጥኩ። ግን መጣሁ።»

«ለአንድ ጨዋታ ይህን ያህል?»

«ጥቂት ብቻ ነው የታተመው፤ ፋብሪካውም ትቶታል። ሰብሳቢዎቹ አይጫወቱበትም፤ ያስቀምጡታል። ከተከፈተ ተራ እቃ ነው። ካልተከፈተ ዋጋው አንድ ሰው ከዚህ ጅዳ ያደርሳል። ይህን ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ።»

«እንግዲህ የሚገዛው ላስቲኩ ነው።»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

ፋንቱ ወደ በሩ ወጣች። ሳሌሃ መናኸሪያ ውስጥ የምትሸጠውን ለውዝ በትንንሽ ላስቲክ አሽጋ ለልጇ አምጥታለች። አንዱን ለፋንቱ ሰጠቻት።

«ያዢ፣ ሳትበይ ነው የዋልሽው። የታሸገ ነው፣ ንጹሕ ነው።»

«በምን ነው የሚያሽጉት?»

«በሻማ ነዋ። ላስቲኩን በሴጌቶ፣ በብረት መጋዙ ምላጭ ላይ አጥፌ እሳቱ ላይ አሳልፈዋለሁ። ሙባሪክ ሲያሽግ ያቃጥለው ነበር። የጀማሉ እጅ ግን ከእኔም ይበልጣል።» ወደ ፋንቱ ጠጋ አለች። «ስሚኝ። ያን ምሽት ጀማሉ ቤት መጥቶ ነበር። ሱቅ መብራት ጠፋ፣ ሙባሪክ ጨለማ ውስጥ ነው፣ ሻማ ስጪኝ አለኝ። ምላጩንም ይዞ ወጣ። ወላሂ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ወንድሙን የገደለ ሰው እንዲህ ይሆናል?»

ፋንቱ የለውዙን ላስቲክ ጠርዝ ዳሰሰች። ሴትየዋን ለማየት አቅም አጣች።

በማግስቱ ሁሉም ጌም ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሳሌሃ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀማሉ ከጎኗ ነው። ፋንቱ ቴሌቪዥኑን አመለከተች።

«ሸረፋ፣ መብራት ለአፍታ ቢጠፋ ይህ ጨዋታ ምን ይሆናል?»

«ማሽኑ ከሀ ይነሳል። ጨዋታው ይጠፋል።»

«ትናንት ጠዋት ስደርስ ግን ከመሐል ቆሞ ነበር። ስለዚህ መብራት አልጠፋም። ሻማው ደግሞ እዚህ ወለል ላይ ተንጠባጥቧል። ለብርሃን ካልሆነ ለምን በራ?»

ሣጥኗን ለዳዊት ሰጠችው።

«አራተኛውን ጎን ዳስሰው።»

ዳዊት ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ። «ይህ የፋብሪካ አይደለም። እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ምልክት አለው። ጥላሸትም ነክቶታል።»

ፋንቱ የለውዙን ላስቲክ ከሣጥኗ ጎን አስቀመጠች። ጥርሱ አንድ ነው።

«ሙባሪክ ላስቲኩን ቀደደ፤ ሊጫወት ፈልጓል። ለዚህ ማን ይገድላል? ሸረፋ አይደለም፤ ለእሱ ላስቲክ ላስቲክ ነው። መምህሩም አይደለም፤ ዋጋውን ያውቃል፣ ግን በሻማ የተለጠፈ ላስቲክ ሰብሳቢን እንደማያታልልም ያውቃል። ዋጋው ላስቲኩ ላይ መሆኑን የሰማ፣ መልሶ ማሸግ ይቻላል ብሎ የሚያምን፣ እጁም የሠለጠነ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ያን ምሽት እናቱ ዘንድ ሄዶ ሻማ ለመነ።»

ሳሌሃ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

«እየሳቀ ነው የቀደደው» አለ ጀማሉ። «ጌም የተሠራው ለመጫወት ነው ብሎ። የእኔን ጉዞ፣ እማ፣ እየሳቀ።»

«ሐኪሙ፣ ሙባሪክ ወዲያው አልሞተም ብሏል» አለች ፋንቱ። «ሆስፒታሉ ሩቅ አልነበረም።»

«ሻማውን ስሰጥህ» አለች ሳሌሃ። ድምፅዋ ከወትሮው አልተለየም። «ወንድምህ ይተነፍስ ነበር?»

ጀማሉ ወለሉን አየ።

«ያንኮራፋ ነበር።»

«ስታሽግስ?»

«ልጨርስ ስል ዝም አለ።»

ዳዊት ሣጥኗን ወደ መደርደሪያው ሊመልስ ሲል ላስቲኩ ጣቱ ላይ ተሰነጠቀ። ማንም ዞሮ አላየውም።

ሳሌሃ የለውዙን ላስቲክ ከጠረጴዛው አነሳች፤ ለጀማሉ ያመጣችውንም ከጭኑ ላይ ወሰደችበት። ሁለቱንም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ከዚያ ልጄን መልሱልኝ ሳትል፣ ከአግዳሚው ተነስታ ወጣች።