ያስታረቀው ግድግዳ

በላይኛዋ አዋሽ ከተማ ግድግዳው «እንደምን አደራችሁ» ሲል ቀና ብሎ የሚያየው የለም። መንግሥት በየቤቱና በየሆስፒታሉ ያስገባው ሰሚ ግድግዳ ነው፤ የዱላ ድምፅና የሴት ጩኸት ሲሰማ ማንንም ሳያስፈቅድ ፖሊስ ይጠራል። ይጠራል ተብሎ ነበር እንጂ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ጥሪ አልመጣም። ግድግዳዎቹን የሚቆጣጠረው የሴቶች ጥበቃ ማዕከል ኃላፊዎች ታዲያ ጥቃትን ድል ነሳን ብለው፣ ደረታቸው ላይ ነጭ ሪባን ለጥፈው ኬክ ቆረሱ።

ኬኩ ሳያልቅ የማዕከሉ መሐንዲስ የሆነችው የፈትለወርቅ ታናሽ እህት ብርዛፍ መንጋጋዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባች። የሰበረው ባሏ ነው። ግድግዳው ትንፍሽ አላለም።

ፈትለወርቅ ቤተ ሙከራ ገብታ የእህቷን ቤት ግድግዳ አናገረችው።

«ስትጮህ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ልጄ» አለ ግድግዳው፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን እየጠረገ። «የባልና የሚስት ነገር ነው። አንተም ተው፣ አንቺም ቻይ ብዬ አስታረቅኋቸው። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም።»

ወደ አለቃዋ ወደ መኩሪያው ሮጠች።

«ብልሽት አይደለም» አለ መኩሪያው፣ ክሬም ከጣቱ እየላሰ። «ባህላችንን እንዲያከብር ብለን በየሰፈሩ ሽማግሌዎች እንዲያስተምሩት አደረግን። ምን አጠፋ? ቤት አልፈረሰ!»

«የእህቴ መንጋጋስ?»

«እሱ ይጠገናል። ነገ ሚኒስትሩ ሜዳሊያ ሊሸልሙን ይመጣሉ፤ እንዳትነኪው።»

ቤት አልፈረሰም አለ! እንዲህ ያለው ጭንቅላት ነው ለሴቶች ጥበቃ የተሾመው።

ፈትለወርቅ ከሥራ እንደምትባረር እያወቀች የሽማግሌዎቹን ትምህርት ከከተማዋ ግድግዳዎች ሁሉ ጠራርጋ አጠፋችው። ማሽን ደግ ነው፤ የተማረውን ክፋት ርሳ ሲሉት ይረሳል።

ከዚያ ሆስፒታል ሄደች። በብርዛፍ አልጋ ዙሪያ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ባል ተብዬው ከኋላቸው አንገቱን ደፍቷል፤ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ብርዛፍ መንጋጋዋ በሽቦ ታስሮ መናገር አትችልም። ይህንንም እሺታ ብለው ቆጠሩት።

«ዝም ማለቷ ጨዋነቷ ነው» አሉ አንደኛው፣ ከዚያም ወደ ብርዛፍ ዞረው። «ለልጆችሽ ስትዪ ይቅር በዪው። ከባልሽ ቤት ሌላ የት ትደርሻለሽ?»

የሆስፒታሉ ግድግዳ ቀይ በራ። «ፖሊስ! በዚህ ክፍል ጥቃት እየተፈጸመ ነው!»

ሽማግሌዎቹ ደንግጠው አንዳቸው የሌላውን እጅ ተመለከቱ። «ማን መታ?»

ማንም እጁን አላነሳም። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስታርቁ ያልገባቸው ነገር፣ የተመታችን ሴት ወደ መቺዋ መመለስም ጥቃት መሆኑ፣ ለግድግዳ በአንድ ከሰዓት ገባው።

ፈትለወርቅ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ፖሊስ እስኪደርስ ማንም አይወጣም።