አፋፉ ላይ የተተከለችው ዝግባ

አቶ ኪዳን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ጀርባ፣ ዕድሜያቸውን ሲሟገቱለት ከኖሩት ደን ገደል ሥር በአፍጢማቸው ተደፍተው ተገኙ። የተፈነከቱት ግን ከማጅራታቸው በላይ ነበር።

የኢንስፔክተር ማርያማዊት አለቃ የቸኮለ ሰው ነው። «የደኑ ዘበኛ ሲጨቃጨቃቸው ተሰምቷል፤ ይዘነዋል። እስከ ማታ ዝጊው» አላት። ዝጊው! በዚህ ክረምት ከዚህ ቃል ሌላ ከአፉ አልወጣም። አስከሬኑ ከተገኘበት በላይ አፋፉ ላይ አንዲት አዲስ የዝግባ ችግኝ ተተክላ አይታ ነበር፤ ዘበኛውን ልትጠይቅ ሄደች።

ሽማግሌው ወዬሳ እጃቸው በካቴና ታስሯል።

«ጋሽ ወዬሳ፣ በምን ተጣላችሁ?»

«በጉሬዛዎቹ። እኔ ዳቦ እወረውርላቸዋለሁ። ኪዳን ደግሞ ‹ለማኝ አታድርጋቸው፣ ደኑ ይመግባቸው› ይለኛል። ሌላ ጠብ የለንም።»

«አፋፉ ላይ ያለችውን የዝግባ ችግኝ እርስዎ ተከሏት?»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «ገደል አፋፍ ላይ ማን ይተክላል? ትናንት ከሰዓት አልነበረችም። ከቅዳሜው ተከላ የተረፉት ችግኞች እኮ ዘበኛ ቤቱ ደጃፍ ነው ያሉት፤ ማንም ያነሳቸዋል።»

የሟች እህት ወለተጻድቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ተቀበሏት። «ወንድሜ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። በየዓመቱ ይተከላል፣ በየዓመቱ ይደርቃል። ‹ሰው ነው የሚያደርቀው፤ መጀመሪያ ራሱን ልጠይቀው› አለኝ።»

«ማንን እትዬ?»

«ሳያረጋግጥ የሰው ስም አያነሳም ነበር።»

የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊው ባምላኩ የተከላ ዘመቻውን ቲሸርት እንደለበሰ ነው። «ከቅዳሜው ተከላ ወዲህ ደኑን አልረገጥኩም» አለ። «ጋሽ ኪዳን ጥሩ ሰው ነበሩ። ግን እውነቱን እናውራ ኢንስፔክተር፣ ያ ቦታ ዛፍ አያበቅልም። ለልማት ቢሰጥ ይሻላል።»

«ለየትኛው ልማት?»

«ያው… ለሕንፃ ነዋ።»

ከሰዓት በኋላ ማርያማዊት ሦስቱንም፣ አለቃዋንም ጭምር አፋፉ ላይ ሰበሰበች። የወዬሳን ካቴና አስፈታች። «ለአቶ ኪዳን መታሰቢያ አንዳንድ ችግኝ ትከሉ» አለች። አለቃዋ ሰዓቱን አየና ተነፈሰ።

ወዬሳ የችግኛቸውን ላስቲክ በጥርሳቸው ቀደዱና አፈሩን አቅፈው ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጡ። ወለተጻድቅ ምላጭ ተውሰው፣ እያለቀሱ ቀስ ብለው ገፈፉት። ባምላኩ እንዳለ ከተተው፣ በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና ካሜራ የሚፈልግ ይመስል ቀና አለ።

«ላስቲኩን አላወለቅከውም» አለችው።

«ብዙ ሲተከል ማን ጊዜ አለው? በዘመቻ እንዲህ ነው።»

ማርያማዊት በርከክ ብላ አፋፉ ላይ ያለችውን ዝግባ ነቀለች። ሥሯ በጥቁር ላስቲክ እንደታፈነ ወጣ። ከጉድጓዱ ግርጌ ደም የደረቀበት፣ ሽበት የተጣበቀበት ድንጋይ ነበር።

«የታፈነ ሥር ይደርቃል» አለች። «ችግኙ ሲደርቅ ቦታው ዛፍ አያበቅልም ይባላል፤ ቦታውም ለሕንፃ ይሰጣል። አቶ ኪዳን ይህን ደርሰውበት እዚህ ጠሩህ። ፊታቸውን ሲያዞሩ በድንጋይ መታሃቸው፤ ወደ ገደሉ ገፋሃቸው። ድንጋዩን ስትቀብር የተቆፈረው አፈር እንዳያሳብቅብህ ችግኝ ተከልክበት፤ በክረምት ችግኝን ማን ይጠረጥራል? ግን ጋሽ ወዬሳ ወይም እትዬ ቢሆኑ ኖሮ ሳያስቡት እጃቸው ላስቲኩን ይገፍፍ ነበር። ከሦስታችሁ ከነላስቲኩ የምትቀብር አንተ ብቻ ነህ። ከዚያም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፤ ሽማግሌው ሲታሰሩ ዝም ብለህ አየህ።»

ባምላኩ ድንጋዩን ላለማየት ፊቱን አዞረ። «ለጉሬዛ ብለው ሰፈሩን ወደ ኋላ ሊያስቀሩት ነበር» አለ። ወለተጻድቅ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ካቴናው ወደ ባለቤቱ ሄደ። «ጎሽ፤ በቃ ተዘጋ» አለ አለቃዋ ወደ መኪናው እያመራ።

ማርያማዊት ወደ ቁልቁለቱ ወርዳ ቅዳሜ ከተተከሉት አንዱን ነቀለች፤ ከነላስቲኩ ነው። ሌላም ነቀለች፤ እሱም ያው ነው። ቁልቁለቱ እስከ ጅረቱ ድረስ በችግኝ ተሞልቷል። ነፍሰ ገዳዩን ይዛም ንዴቷ አልበረደላትም። በዛፎቹ ጫፍ ጉሬዛዎቹ ቅርንጫፍ እያወዛወዙ አለፉ።

ወዬሳ ካቴናው ያሳበጠውን እጃቸውን አሻሽተው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«ስንት ይሆናሉ ጋሽ ወዬሳ?»

«አትቁጠሪ ልጄ» አሏት፣ የመጀመሪያውን ላስቲክ በጥርሳቸው ይዘው። «ቅደጂ።»

የደንብ ልብሷን እጅጌ ሰብስባ አጠገባቸው ተንበረከከች።