የእማማ ታደለች ድርሻ

«ቀስ በይ፣ አትጎትቺው፤ ራሱ ይድከም» አላት አጎቷ ነጋ፣ እሱ ግን ከእሷ በላይ እያለከለከ።

ሐዊ የማጥመጃ ዘንጓን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ተንፏቀቀች። ጠዋት ሌዊስቪል ሐይቅ ዳር ከደረሱ ጀምሮ የያዘችው ሣርና የሆነ ሰው ያረጀ ጫማ ብቻ ነበር። ለጓደኛዋ ለዮኒ ደግሞ «ዛሬ የዓሣ ፎቶ እልክልሃለሁ» ብላ አፏን ሞልታ ተናግራለች። አሁን ክንዷን የሚያህል ባስ የሚባል ዓሣ ባልዲው ውስጥ ሲንቦጫረቅ ስታይ፣ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው።

አጎቷ ዓሣውን አንስቶ የተያዙት በሕይወት እንዲቆዩ ሐይቁ ውስጥ ወደተነከረው መረብ ሊጨምር ሲል ግን ክንዱን ያዘችው።

«ጋሼ፣ የሚፈቀደው ሊሚት ለአንድ ሰው አምስት ነው። መረቡ ውስጥ አሥር አለ።»

«አምስቱ የኔ፣ አምስቱ ያንቺ።»

«የኔንም የያዝከው አንተ ነህ እኮ።»

ነጋ ነገሩ አልገባውም። በዲቪ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። በሚያውቀው ቀበሌ ስኳር ሲታደል የቤተሰቡ ቁጥር ይታይና፣ ቤት የተኛው ሁሉ ተቆጥሮ፣ ድርሻው ለተሰለፈው ሰው ይሰጣል። የዓሣውም እንደዚያው መስሎት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የእሁድ ምሳ አሥር ዓሣ አመጣለሁ ብሎ ለሽማግሌዎቹ ቃል ገብቷል። ትንሽ አሰበና ዛፉ ጥላ ሥር ታጣፊ ወንበር ላይ ወደሚያንኮራፉት ጎረቤታቸው በአገጩ ጠቆመ። የሐዊ ዓሣ፣ እንደ ቀበሌው ስኳር፣ በእማማ ታደለች ድርሻ ይያዛል አለ።

እማማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ስሜን ከዚያ አውጡልኝ» አሉ። «የሚጠይቅ ከመጣ፣ ዓሣ የማውቀው ከሱፐርማርኬት ነው እላለሁ።»

ሐዊ ሳቋን ዋጠች። «ሶ፣ ስኳር ሲያልቅ መኪና ያመጣል፣ ኦኬ? ዓሣው ሲያልቅስ? ማለቴ፣ ሁሉም ሰው የተኛ ጎረቤቱን ከቆጠረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንይዛለን?»

«ለምሳው ምን ልበል ታዲያ?»

«ድንች እጨምርበታለሁ» አሉ እማማ።

ሐዊ ባልዲውን ተመለከተች። የራሷን ብትለቅ አጎቷ አያፍርም፣ ምሳውም አይጎድልም፤ ለዮኒም ፎቶው ይበቃው ነበር። ግን በሕይወቷ የያዘችው ዓሣ ይህ ብቻ ነው፤ በስሟ የተቆጠሩትን አምስቱን ደግሞ እሷ አልያዘቻቸውም።

ባሷን ወደ መረቡ ጨመረች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ገባችና እጇን መረቡ ውስጥ ከተተች። ከአምስቱ አንዱን አውጥታ ለቀቀችው፤ ጭራውን አንዴ መትቶ ተሰወረ።

ነጋ ከኋላዋ በረጅሙ ተነፈሰ። ቀጥሎ ሱሪውን ሲጠቀልል ሰማችው።

«ትንንሾቹን አስቀድሚ» አለ አጠገቧ ጎንበስ ብሎ። «ትልልቆቹ ጋ ስትደርሺ ንገሪኝ፤ ፊቴን አዞራለሁ።»