አሥራ አንደኛው ዙር

ኬሚስቱ ላብራቶሪው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በብረት ዘንግ ብለውታል።

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ሬሳዋ ነው፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየች ሰንብታለች።

ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ዘበኛው፣ የሟች ወንድም፣ እና ማግኔት ከኪሱ ስለማይጠፋ «ማግኔት» የሚሉት ረዳቱ። ሬሳውን ሰባት ሰዓት ላይ ያገኘው ዘበኛው ነውና ካቴናው እሱ እጅ ላይ ጠልቋል።

«እሱ ነው!» ወንድምየው ጮኸ። «ወንድሜ ትናንት አባሮት ነበር!»

«ጌታዬ፣ እሳቸው እኮ በወር አራቴ ያባርሩኛል። በዚያማ ቢገደል ድሮ በሞቱ!» ዘበኛው ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። «እመቤቴ፣ ስድስት ልጅ አለኝ። እኔ ከታሰርኩ ማን ያበላልኛል?»

«ይቀመጡ አባባ።» የሟቹን የሥራ ደብተር እያገላበጠች ወደ ረዳቱ ዞረች። «ይሄ እዚህ የተጻፈው፣ የምትሠሩበት ጥቁር ዱቄት ምንድነው?»

«ብረት ነው እህቴ። ለመድኃኒት የሚሆኑ ኬሚካሎችን ያዋህዳል፣ ራሱ ግን አያልቅም። ሌላው ሰው በጣም ውድ በሆነ ፓላዲየም በሚባል ማዕድን ነው የሚሠራው። እኛ ብረቱን በማግኔት ለቅመን፣ አጥበን፣ አድርቀን ደግመን እንሠራበታለን። አሥር ዙር ሄዷል።»

«ሳይታጠብ ቢያድርስ?»

«ኧረ ይበላሻል!» የገዛ ልጁ የወደቀ ይመስል ደነገጠ።

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«አሞኝ ቤት ተኝቼ።»

«ማድረቂያው የቱ ነው?» ስትል ወንድምየው ቀድሞ ማቀዝቀዣውን ጠቆማት። እሷ ግን ማድረቂያውን ራሷ ፈልጋ ከፈተችው። ወረቀት ላይ የተነጠፈ ጥቁር ዱቄት፤ ታጥቧል፣ ገና አልደረቀም።

ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ ሟቹ ረፋድ አራት ሰዓት ሳይሞላ ሞቷል ይላል። ደብተሩ ደግሞ የዛሬው ሥራ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተጀምሮ በራሱ እየተዋሃደ ስድስት ሰዓት ያልቃል ይላል። ታዲያ ስድስት ሰዓት ላይ ዱቄቱን ለቅሞ ያጠበው ማነው? ሬሳው?»

ወደ ዘበኛው ጠቆመች።

«አባባ ዱቄቱን ከጥላሸት አይለዩትም። ወንድምየው ማድረቂያና ማቀዝቀዣ ይምታታበታል። ንጹሕ ሰው ሬሳ አይቶ ይጮሃል እንጂ ዕቃ አያጥብም። ገዳዩ ገድሎ ሄደ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን አንጀቱ አልቻለም። ተመልሶ ሬሳውን ተሻግሮ ዱቄቱን አጠበ። አይደለም ማግኔት?»

ረዳቱ ማግኔቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«በድብቅ ፓላዲየም ጣል አደርግበት ነበር። ብረቱ ብቻውን የሚሠራ አልመሰለኝማ! አለቃዬ ደረሰብኝ። አዲስ ብረት አውጥቶ ‹ዛሬ በንጹሑ እሞክራለሁ፣ ከዚያ ጉድህን አወጣለሁ› አለኝ።»

«እና፣ በንጹሑ ሠራ?»

«ሠራ እህቴ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ከኔው ቅልቅል በልጦ ሠራ።»

ኢንስፔክተሯ በረጅሙ ተነፈሰች። ካቴናውን ከዘበኛው አውልቃ ረዳቱ ላይ አጠለቀችው። «ይሂዱ አባባ፣ ልጆቹ ይጠብቃሉ።»

ዘበኛው አንጓውን እያሸ ወጣ። ማግኔት በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«ዱቄቱ ሲደርቅ ማን ያወጣዋል?»