አስራ ሰባተኛው ዕቃ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። እኔው ራሴ ፈርቼ ነው። ውሸት ነው የሚል ካለ፣ መጥቶ የአክስቴን እጅ ይይ።

የሆነው ባለፈው ወር ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ጨለማ የለም። ዝናብ የለም። አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር። ከአየር ማረፊያው ወደ መሀል ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ አርባ ሰው ተቀምጦ እያየ...

አርባ ሰው አይቷል። አንዱም አይናገርም።

እኔ ግን አፌን መዝጋት አልችልም። ከሰባተኛ ክፍል ያስወጣኝም እሱ ነው።

አክስቴን ልቀበል ነበር የሄድኩት። የእናቴ ታላቅ ናት፣ ሌላ አገር ልብስ ሰፊ ሆና ትሠራለች። የእናቴ ኩላሊቶች ሁለቱም ደክመዋል። ቤተሰቡ ሁሉ ተመርምሮ የገጠመላት የአክስቴ ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ሐኪም ቤት መግባት አለባቸው። ከሐሙስ ካለፈ ሐኪሙ ሌላ ቀን አልሰጠንም። እናቴም ሌላ ቀን ያላት አትመስልም ነበር።

ስወጣ እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ እስከ በር ሸኘችኝ።

«እሷን ብቻ በሰላም አድርሺልኝ» አለች። «ሌላ ምንም ነገር እንዳትነኪ።»

ነካሁ።

አክስቴን ከሩቅ ነው የለየኋት። በር የሚሞላ ሰውነት፣ ከኋላዋ ከሷ የማያንስ ሻንጣ።

«አንቺ! ይሄ ሁሉ ቁመት ከየት መጣ?» አለች አንቃ እየሳመችኝ።

«ቁመቱ ብቻ ነው የደረሰኝ እትዬ፤ ውፍረቱን አንቺ ጠቅልለሽ ወሰድሽው።»

«ባለጌ!» ብላ ጀርባዬን ደቃችኝ። ሳንባዬ ቦታ ቀየረ።

ታክሲ እንያዝ ብላት አሻፈረኝ አለች።

«የማላውቀው ሰው መኪና ውስጥ አልገባም። ሰው በበዛበት እንሂድ። ሰው ባለበት ምን ይነካናል?»

ያን ቀን የተባለውን ሁሉ ብረሳ ይቺን አልረሳም።

አውቶቡሱ የራሱ ደንብ አለው። ሻንጣ ሁሉ ከሹፌሩ ጀርባ ባለው የብረት መደርደሪያ ላይ ይደረደራል። ረዳቱ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ለሁለት ይቀድዳል። ግማሹን በቀጭን ሽቦ ሻንጣው ላይ አስሮ በፒንሳ ይጠመዝዘዋል። ግማሹን ለባለቤቱ ይሰጣል። ፌርማታ ላይ ቁጥር ይጠራል፣ ቁራጩን ያሳየ ዕቃውን ይወስዳል።

ረዳቱ ከሲታ ሰውዬ ነው። ፒንሳው ወገቡ ላይ ይንጠለጠላል።

«ይጠፋብኛል እንዴ?» አለችው አክስቴ።

«አይስጉ እናቴ። እኛ ዘንድ ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም። ቁራጩን የያዘ ይወስደዋል። ሳይወስድ ለሄደም ቤቱ ድረስ ይደርሰዋል።»

«ቤቱን በምን ታውቁታላችሁ?»

ረዳቱ ሽቦውን ጠመዘዘ።

የኛ ቁጥር አስራ ስድስት ነበር። የመጨረሻው። በሩ ተዘጋ፣ ሄድን።

ከመደርደሪያው ትይዩ ተቀመጥን። እግሬ ስር የሆነ ነገር ጫረኝ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት... ሽቦ ያለው ግማሽ ካርቶን ነው። አስራ ሰባት።

ቀለሙ ወይቧል። ሽቦው ላይ ቡናማ ነገር ደርቋል። ዝገት ነው ብዬ አለፍኩት።

የአክስቴን እጅ ሳብኩና አንጓዋ ላይ አሰርኩላት።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«ዋናው ዕቃ አንቺ አይደለሽ እንዴ? የእማዬን ኩላሊት ይዘሽ ያለ ቁጥር ልትሄጂ ነው?»

እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሽቦውን ሁለቴ ጠመዘዝኩት።

ሹፌሩ በስፖኪዮው መስታወት አየን... ሬዲዮኑን አጠፋ።

ትንሽ ቆይቶ ረዳቱ ዕቃ ሊቆጥር መጣ። በጣቱ እየጠቆመ።

«አስራ አራት... አስራ አምስት... አስራ ስድስት...»

ጣቱ ከመደርደሪያው አልፎ አክስቴ ላይ ቆመ።

«አስራ ሰባት» አለ። በሹክሹክታ።

ፊቱ አመድ መሰለ። ጆሮዬ ስር ጎነበሰ።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ። ቀልድ ነው።»

«ፍቺው። አሁኑኑ። ወደ ኋላ ደግሞ እንዳታዪ።»

ሽቦውን ብጎትተው ይብሱን ጠበቀ። አክስቴ «ኡፍ!» አለች።

ወደ ኋላም አየሁ። አትዪ የተባልኩትን ሳላይ ቀርቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ወንበር ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል። በዚያ ሙቀት ወፍራም ካፖርት ለብሷል። ሲገባ አላየሁትም። ጉልበቱ ላይ ቁራጭ ካርቶን አድርጎ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል።

የመጀመሪያው ፌርማታ መጣ። ሹፌሩ አልቆመም።

ሁለተኛውም መጣ። አልቆመም።

«ቁጥሬን አልጠራችሁም» አለ ሰውዬው ከኋላ።

አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

ሰውዬው ተነስቶ በመተላለፊያው መጣ። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን።

እሱ አልተነቃነቀም።

ቁራጩን ለረዳቱ አሳየው።

«ጌታዬ... ስህተት ነው... ልጅ ናት ያሰረችው...»

«ቁጥሩ እሷ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው?»

ረዳቱ ወገቡ ላይ ያለውን ፒንሳ ጨበጠ።

«አንድ ነው ወይ?»

«...አንድ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጠራህም?»

ማጅራቱን ይዞ ከብረቱ ምሰሶ ጋር አላተመው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ጥርስ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ሰማሁ።

ከዚያ የአክስቴን እጅ ያዘ። ሰው እንደሚይዝ አይደለም። ሻንጣ በጆሮው እንደሚያዝ።

አነሳት። ያቺን በር የምትሞላ ሴት! ትከሻዋ «ቋ!» ሲል ሰማሁት። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በመተላለፊያው ወደ በሩ ጎተታት።

ተሳፋሪዎቹ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ? እንድታልፍ እግራቸውን ሰበሰቡላት።

ጀርባው ላይ ተንጠለጠልኩ። ፀጉሩን ነጨሁት። እጁን ነከስኩት... ደም አልወጣም። አፌ ውስጥ የቀረው የካርቶን ጣዕም ነው። በክርኑ አፍንጫዬን አለኝ። ደሜ አገጬ ላይ ወረደ።

«በሩን ክፈት» አለው ሹፌሩን።

አውቶቡሱ እንደገና እየበረረ ነው። ሹፌሩ እያለቀሰ ከፈተው።

ነፋሱ ገባ። አስፋልቱ ከታች ይሮጣል። የአክስቴ ጭንቅላት ከበሩ ውጭ ወጥቷል፣ ሻሿ በረረ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

«እናትሽን...» አለች። «እናትሽን...»

ሐሙስ፣ አልኩ በልቤ። ሐሙስ።

አንድ ነገር እግሬን ነካኝ። ረዳቱ በደም በተሞላ አፉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ፒንሳውን እየገፋልኝ ነው።

«ቁራጩን... መጀመሪያ ቁራጩን ቀሚው...»

ፒንሳውን አንስቼ ቁራጩን የያዙትን ጣቶች መታሁ። አንደኛው እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ። ደግሜ መታሁ፣ ሁለተኛው። ጮኼ መታሁ፣ ሦስተኛው። ቁራጩ ሲወድቅ ቀለብኩት።

በሌላ እጁ አክስቴን አልለቀቀም። ሽቦውን በፒንሳው ስበጥስ ከቆዳዋም አብሬ ቆረጥኩ። ይቅር ትበለኝ። ከዚያ ካርቶኑን እሷን በያዘበት እጁ አንጓ ላይ ጠመጠምኩና በፒንሳው ሦስቴ አጠበቅሁት።

ሰውዬው ቆመ።

መጀመሪያ እጁን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እንደኔ የፈራ ፊት ነበር።

«የማን...» አለ። አልጨረሰም።

ጉልበቱ ታጠፈ። አንገቱ ወደ ደረቱ ገባ። ባዶ ሆኖ እንደተጣለ ከረጢት ተሰበሰበ። አንድ እጁ ብቻ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ልክ እንደ ሻንጣ ጆሮ።

አክስቴን ወደ ውስጥ ሳብኳት። በሩ ተዘጋ። ረዳቱ ተነሳ፣ አፉን በእጅጌው ጠረገ። ሰውዬውን በዚያች እጁ ጎትቶ መደርደሪያው ላይ ከኛ ሻንጣ ቀጥሎ አስቀመጠው። ቦታው ልኩ ነበር።

መሀል ከተማ ደረስን። ቁጥር ተጠራ። ሰዉ ዕቃውን እየወሰደ ወረደ፣ አንድም ሰው ቀና ብሎ ሳያየን። አስራ ስድስት ሲባል ሻንጣችንን ወሰድኩ።

«አስራ ሰባት» አለ ረዳቱ። እኔን እያየ።

ቁራጩ ጭብጤ ውስጥ ነበር። አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ አንዴ ብዘጋው ያኔ ነው።

አክስቴን ደግፌ ወረድኩ።

«ልጅት...» አለ ከኋላዬ። «አትውሰጂውም?»

ሮጥኩ።

የአክስቴን ትከሻ የዚያኑ ቀን መለሱላት። ለሐኪሙ ከደረጃ ወደቀች አልነው። አጉረመረመ፣ ሐሙስን ግን አልሰረዘም። ኩላሊቱ ሠራ። እማዬ ሽንቷን ሸናች ተብለን በደስታ ያለቀስን ቤተሰብ ነን፣ እንግዲህ ሳቁብን።

ቁራጩን ልጥለው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ግን ሌላ ሰው ቢያነሳውስ? እኔም ያን ካርቶን ወድቆ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ ትራሴ ስር አስቀመጥኩት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

እማዬና አክስቴ ጓዳ ተኝተዋል። እኔ ሳሎን ሆኜ ይሄንን እጽፍላችኋለሁ። ከደቂቃዎች በፊት በሩ ተንኳኳ። አንዴ ብቻ። ሰዓቱን አየሁ... ስምንት ከሩብ።

«ማነው?» አለች አክስቴ ከውስጥ።

«ማንም የለም እትዬ፣ ተኚ።»

በመስኮቱ መጋረጃ ጥግ አጮለቅሁ። መንገዱ ላይ ፀሐይ ብቻ ነው ያለው። አውቶቡስ የለም፣ ረዳት የለም።

ደፋችን ላይ ካፖርት ለብሶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ አንገቱን ደረቱ ውስጥ ቀብሮ ተቀምጧል። አንድ እጁ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል። ካርቶኑ አንጓው ላይ አለ።

ሌላው እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። የሰበርኩበት ሦስት ጣት ነበር።

ሁለቱ ቀጥ ብለዋል።

ሦስተኛው... ቀስ እያለ እየተዘረጋ ነው።